ጥያቄ ቁጥር አሥራ ሰባት

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቲቸር የሺሃረግን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የገባ ተከራይ መሆን አለበት። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ረዥም፣ ቀጭን፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ስታወራ ጣቷ ሁልጊዜ ወደማይታይ ጥቁር ሰሌዳ የሚቀሰር ሴት ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ላምበረት አካባቢ ባለ አንድ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ቲዎሪ አስተምራለች። ዛሬ በየካ መንገድ ላይ ሚኒባስ ከሚያበሩት፣ ገልባጭ ከሚያምዘገዝጉት፣ የቤት መኪናቸውን መሪ ሙጭጭ አድርገው ከሚነዱት መካከል ስንቱ በእሷ በትር ሥር እንዳለፈ እግዜር ይቁጠረው።

ታዲያ አንድ ጉድ ነበረባት። ቲቸር የሺሃረግ መኪና አትነዳም። መንጃ ፈቃድ አላት፣ በጊዜው ታሳድሰዋለች፣ ከቦርሳዋ የምታወጣው ግን ባንክ ቤት መታወቂያ ሲጠይቋት ብቻ ነው። የተግባር አስተማሪዎቹ ሌሎች ነበሩ፤ እሷ ከክፍሏ ወጥታ አታውቅም። በዚህ ነገር ሊነኳት ለሚሞክሩ መልስ አላት። «ሐኪም ሁሉ ታሞ ነው እንዴ የሚያክመው?» ትላለች።

ታናሽ ወንድሟ ቅዱስ ግን ይቺን መልስ አይቀበላትም ነበር። ቅዱስ መሬት ቀያሽ ነበር። ሚስት አላገባ፣ ቤት አልሠራ፣ ያለ የሌለ ጥሪቱን ሁለት በር ባላት፣ ምድር ለምድር በምትሄድ አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና ላይ አፈሰሰው። እሑድ እሑድ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ይወጣባትና ቁልቁለቱን ይወርድባታል። «የሺዬ፣ ያን ቲዎሪሽን አንድ ቀን ከእንጦጦ አውርጂልኝ» ይላታል። «ሲመቸኝ» ትለዋለች። ሳይመቻት እሱ ታመመ። ሳይመቻት ሞተ። መኪናዋ ለእሷ ቀረች፤ «ሲመቸኝ» የምትለዋ ቃልም ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ እሾህ ተሰክታ ቀረች።

መኪናዋ ከብሎክ አርባ ሰባት ፊት ለፊት አሥር ወር ቆመች። የፍሬን ቱቦዎቿ ተሰነጣጥቀው ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ አለቀ፤ ፔዳሉን ሲረግጡት ወለል ድረስ ይሰምጣል። ድመት ሥሯ ወለደች። አንድ ሰሞን ደግሞ ጎረቤት በርበሬ አሰጣባት፤ ቀይ በቀይ ስለሆነ የሺሃረግ ራሷ ሦስት ቀን ሳታስተውለው ቀረች። በመጨረሻ የብሎኩ ኮሚቴ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ በራሱ የማይንቀሳቀስ፣ ተንቀሳቅሶም በራሱ የማይቆም ተሽከርካሪ እስከ እሑድ አሥር ሰዓት ስብሰባ ካልተስተካከለ ከግቢ ተጎትቶ ይወጣል። ከግቢ ውጭ ያለው ባዶ ሜዳ ነው። ሜዳ ላይ ያደረች መኪና በሦስተኛው ቀን አፅሟ እንደሚቀር ደግሞ ለማንም አይነገርም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ዱሬሳ ይባላል። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ይሠራል፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ጸሎት ቤት ስብከቱ ሲረዝም ከፊት ወንበር ተቀምጦ የእጅ ሰዓቱን በግልጽ የሚያይ ዓይነት ሰው ነው። እሱም በወጣትነቱ የቲቸር የሺሃረግ ተማሪ ነበር። ደረጃ ላይ ሲያገኛት ከወገቡ ጎንበስ ብሎ «ቲቸር፣ ደህና አደሩ?» ይላታል፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አይጨምርም። እሷ ይህን እንደ አክብሮት ትቆጥረው ነበር።

የሺሃረግ ማስታወቂያውን እንዳነበበች ጋራዥ ጠየቀች። «ያምጧትና እንያት» አሏት። ፍሬን የሌላትን መኪና ፍሬን ለማሠራት እየነዱ መውሰድ የምን ቲዎሪ እንደሆነ አልገባትም። ቤት ድረስ የሚመጣ መካኒክ ብታፈላልግ የሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ አላት። የሚቀጥለው ሳምንት መኪናዋ ሜዳ ላይ ናት። «ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩትን እኔ ካልሠራሁት ማን ሊሠራው ነው!» አለችና አርብ ጠዋት መለዋወጫ ተራ ወረደች። የፍሬን ሸራ፣ ቱቦ፣ ሁለት ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ገዛች። ሻጩ ልጅ የመኪናዋን ዓይነት ሰምቶ «ለልጅዎ ነው ማዘር?» ቢላት፣ «አይ፣ ለራሴ ነው። ውድድር አለብኝ» ብላው ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ጎሚስታ ጎማዎቹን ፈታላት፣ መኪናዋንም በክሪክ አንሥቶ አራት የብረት መቆሚያ ላይ አሳረፈላትና «ቲቸር፣ ብቻ እንዳትወድቅብዎት» ብሎ ሄደ። የሺሃረግ ያኔ ዋናውን መሣሪያዋን አወጣች። ጡረታ ስትወጣ ማሰልጠኛው የሸለማት ሥዕል ነው፤ አቡጀዴ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ፣ «የፍሬን ክፍሎች» የሚል ርእስ ያለው፣ ሠላሳ ዓመት በበትሯ ጫፍ ተወግቶ ተወግቶ ቦታ ቦታው የሳሳ። ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀለችው።

የዱሬሳ ሚስት ማዕዶት ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳዋ ላይ ብቅ አለች። ማዕዶት የባሏ ተቃራኒ ናት፤ ሰዓት አታይም፣ ሳቅ ግን አያመልጣትም።

«ቲቸር፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አለ፣ ላውርድልዎት?»

«ቪዲዮ ለማያውቅ ሰው ነው ማዕዶትዬ። እኔ ሥዕል አለኝ።»

የፍሬን ሸራ ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ከግራና ከቀኝ ቆንጥጦ የሚያቆም ነገር ነው። አንድ ፊቱ ደረቅ ብረት፣ ሌላው ፊቱ ለመፋቅ የተሠራ ወፍራም ንጣፍ ነው። የሺሃረግ አሮጌዎቹን ስምንት ሸራዎች እንዴት ሆነው እንደተቀመጡ ሳታይ ነቃቅላ ባልዲ ውስጥ ጣለች፤ ሥዕል እያለ ምን ታያለች? አዲሶቹን መነጽሯን ወደ ሥዕሉ እየቀሰረች፣ ልክ እንደተሣለው አድርጋ አንድ በአንድ ገጠመች። ቱቦዎቹን ቀየረች። የሳምንት ጠላ የመሰለውን የአሮጌ ዘይት አተላ አፍስሳ አዲሱን ሞላች። ስምንት ሰዓት ሲሆን ፊቷ ላይ ከግንባሯ እስከ አገጯ ጥቁር መስመር ተሠምሮባት፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

የቀረው አየሩን ማስወጣት ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ወንበር ላይ ሆኖ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ከታች ትንሿን የአየር መውጫ ዳዶ ከፍቶ ዘይቱን ከነአረፋው ያስወጣና ይዘጋል። ረጋጩ «ልቀቅ» ሳይባል እግሩን ካነሣ አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ ሥራውም ከሀ ይጀመራል። የሺሃረግ ዙሪያዋን ብታይ ሰው የለም። ወዲያው ነጭ ሸሚዝ ከደረጃው ሲወርድ አየች።

«ቲቸር፣ ደህና ዋሉ? የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

«እጄ ዘይት ነው አቶ ዱሬሳ፣ ወረቀትዎን አበላሽብዎታለሁ። እስክታጠብ ድረስ ገባ ይበሉና ያን ፔዳል አንዴ ይርገጡልኝ።»

«አንዴ?»

«አንዴ።»

ዱሬሳ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ሱሪውን በሁለት ጣቱ ከጉልበቱ ላይ ሰብሰብ አድርጎ ገባ። ወንበሯ አልጋ ላይ የተጋደሙ ያህል ወደ ኋላ ትጥላለች፤ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። የሺሃረግ የኋላውን ጎማ ቦታ ይዛ ተንበረከከች፤ አክብሮቱም እዚያው ቀረ።

«ርገጥ!»

ዱሬሳ ረገጠ።

«ያዝ! … ልቀቅ። ርገጥ! ያዝ!»

ከአምስት ደቂቃ በኋላ «ቲቸር፣ አሁን ልነሣ?» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

«ዳዶው ክፍት ነው! እግርህን ብታነሣ ከሀ ነው የምንጀምረው። ያዝ ብያለሁ!»

እውነቱን ለመናገር ዳዶው ተዘግቶ ነበር። ግን ሰብሳቢ በቀላሉ አይገኝም፣ የተገኘ ሰብሳቢ ደግሞ አይለቀቅም። በረንዳው በየፎቁ ሞላ። የብሎክ አርባ ሰባት ነዋሪ ሊያስጎትታት ያለው ሰው ቀይዋ መኪና ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ «ርገጥ፣ ያዝ» ሲባል እያየ ቅዳሜውን አሳመረ። ማዕዶት «ዱሬ፣ ቀበቶህን እሰር!» ብላ ጮኸች።

ሦስተኛው ጎማ ላይ ሲደርሱ የሺሃረግ አንድ ነገር አስተዋለች። ፊት ለፊቷ ያለው ዲስክ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞረ። ቆየት ብሎ ወደ ቀኝ ዞረ። ጆሮዋን ቀና ብታደርግ ደግሞ ከላይ፣ በከንፈር የሚሠራ ቀጭን የሞተር ድምፅ ሰማች።

«ዱሬሳ!»

«አቤት ቲቸር!»

«ኩርባ ላይ ነህ እንዴ?»

ዲስኩ ወዲያው ቀጥ አለ።

አራቱም ጎማ ተዳርሶ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። የሺሃረግ በድል ተነሥታ የፊተኛውን ዲስክ በእጇ ያዘችና «ቀስ ብለህ ርገጥ» እያለች አዞረችው። ብረት ብረትን ሲቧጥጥ የሚሰማው ሲጥጥጥ የሚል ድምፅ ግቢውን ቆረጠው፤ በረንዳ ላይ ያሉት ጥርሳቸውን ያዙ።

«አዲስ ዕቃ እስኪለምድ ይጮኻል» አለች፣ ድምፅዋን የአስተማሪ አድርጋ።

ዱሬሳ ወረደ። በነጭ ሸሚዙ አስፋልቱ ላይ በሆዱ ተኝቶ የገጠመችውን ሸራ አየ። ተነሥቶ ደግሞ ገመዱ ላይ የተሰቀለውን ሥዕል አየ።

«ቲቸር፣ ጥያቄ ቁጥር አሥራ ሰባት ትዝ ይልዎታል?»

«የምን ጥያቄ?»

«እኔ ትዝ ይለኛል!» አለች ማዕዶት ከላይ። «ከተጋባን ጀምሮ በየበዓሉ እሰማዋለሁ!»

ዱሬሳ ሚስቱን አላያትም። «የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ነው። የክፍል ሙከራ ፈተና። የፍሬን ሸራ የትኛው ፊቱ ወደ ዲስኩ ይዞራል ይላል። በሥዕሉ መሠረት ብረቱ ነው። እኔ ግን ሥዕሉ ተሳስቷል ብዬ ጻፍኩ። አጎቴ ጋራዥ ነበረው፣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ብረት በብረት አይቆምም። እርስዎ ፊት አስወጡኝና ‹ልጆች፣ ዱሬሳ ሰዓሊውን ሊያርም መጥቷል› አሉ። ስልሳ ሰው ሳቀብኝ።»

ይህን ሲናገር አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻላት ነበር።

የሺሃረግ ሥዕሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተማሪ አየችው። ሰዓሊው የሸራውን ፊትና ጀርባ አገላብጦ ሥሎታል። የሚፋቀው ንጣፍ ወደ ውጭ፣ ብረቱ ወደ ዲስኩ። ሠላሳ ዓመት በበትር የነካችው ቦታ ነው። ማምለጫ የሚሆን ነገር ወዲያው ምላሷ ላይ መጣላት፤ ይህች መኪና የውጭ ናት፣ ሥሪቷ ይለያል ልትል ትችላለች። ያቺን ቀን ለማስታወስ ሞከረች፤ ምንም የለም። እሷ ምሳ ሳትበላ የረሳችውን ይህ ሰው አሥራ ስምንት ዓመት ተሸክሞት ኖሯል። ነገ ቅዱስ እንደለመናት በዚህ ፍሬን ከእንጦጦ ብትወርድስ? አፈረች። እንዲህ አፍራ አታውቅም፤ ጆሮዋ ጋለ።

ወጥ ቤት ገብታ የመጥረጊያ እንጨትና ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ተመለሰች። ሥዕሉ አጠገብ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ተማሪ ዱሬሳ!»

«አቤት።»

«ወደ ፊት ና። የፍሬን ሸራ የትኛው ፊቱ ነው ወደ ዲስኩ የሚዞረው?»

ዱሬሳ እንጨቱን ተቀበላት። «ብረቱ ወደ ውጭ፣ ንጣፉ ወደ ዲስኩ» አለ። ድምፁ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር።

«ትክክል ነው» አለች የሺሃረግ፣ አራተኛ ፎቅ እንዲሰማ አድርጋ። «ሠላሳ ዓመት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አንተ ልክ ነበርክ፣ እኔ አሳቅሁብህ። ይቅር በለኝ።» ሥዕሉ ላይ በቀይ ከሰዓሊው ፊርማ በላይ የእርማት ምልክት አደረገች። ጭብጨባው ከየፎቁ ወረደ፤ ማዕዶት ጣቷን አፏ ውስጥ አስገብታ አፏጨች።

ዱሬሳ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቀለለና ተንበረከከ። ስምንቱንም ሸራ ሁለቱ ሆነው አገላበጡ። ዲስኩ ላይ የጥፍር ቧጨራ የመሰለ ምልክት ብቻ ነበር የቀረው። ሲጨርሱ ሸሚዙ ሸሚዝ አይመስልም። የሺሃረግ ይህን አይታ ልቧ ሞላና «እንግዲህ ያ ማስጠንቀቂያ ይቅራ» አለችው።

«ትንቀሳቀስና ትቁም፤ ያን ጊዜ እናያለን» አለ ሰብሳቢው፣ ወረቀቱን ወደ ኪሱ እየመለሰ።

እሑድ ጎሚስታው ጎማዎቹን መልሶ ባትሪውን ሞላላት፤ ዱሬሳ ከጸሎት ቤት እንደተመለሰ የሺሃረግ ከመንጃ ፈቃድ ፈተናዋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ ይዛ፣ መኪናዋን በግቢው ውስጥ አሥር ጊዜ ነድታ አሥር ጊዜ አቆመቻት። ሰብሳቢው በቃ ሊል አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«ሜዳ ላይ መቆም ፍሬን አይባልም። ፍሬን የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው። ግባ።»

ላምበረት ላይ በሃያ ስትነዳ አንድ የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «ማዘር፣ የያዝሽው እኮ የስፖርት መኪና ነው፣ ሩጪበት እንጂ!» አላት። «ቲዎሪ የት ነው የተማርከው?» ብላ መለሰችለት። በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያጓራች ወጣች። ኪዳነ ምሕረት ደጃፍ ስትደርስ ሞተሩን አጠፋች። ነፋሱ ባሕር ዛፉን ያወዛውዘዋል፣ ከተማው ሁሉ ከታች ነው። ቁልቁለቱን ስታየው ቀኝ እግሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ብትይዘው፣ ብትቆጣው አልቆም አላት።

«ዱሬሳ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። አንተ አውርዳት።»

ዱሬሳ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ምን ሆነሃል? ስምንት ሰዓት አልፏል፣ ስብሰባው ይደርሳል።»

«መንጃ ፈቃድ የለኝም ቲቸር።»

«እንዴት የለህም?»

«ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ክፍሉ አልተመለስኩም። ለሰው ሁሉ ጊዜ አጣሁ አልኩ። ማዕዶትም ጊዜ ያጣሁ ነው የሚመስላት።»

የሺሃረግ ትናንት ከላይ ይሰማት የነበረው የከንፈር ሞተር ትዝ አላት። ትናንት በዚያ ቀልዳበት ነበር፤ አሁን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወንድሟን ሲመቸኝ እያለች አስቀረችው፣ ይህን ሰው ደግሞ በአንድ ቀልድ አስቀረችው። ቅዱስን አሁን ምንም ልታደርግለት አትችልም። ይህኛው ግን አጠገቧ ተቀምጧል፣ ወደ ቤቱም መውረድ አለበት።

መነጽሯን አደረገች። ሞተሩን አስነሣች።

«እንግዲህ ትናንት እኔ እንዳልኩህ፣ ዛሬ አንተ ርገጪ፣ ያዢ በለኝ» አለችው።

ወረዱ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ «ይርገጡ!» አለ ዱሬሳ። «ይያዙ… ይያዙ… ይልቀቁ።» ፍሬኑ ያዘ። ሁለተኛው ኩርባ ላይም ያዘ። የሩጫ ልምምድ የሚያደርግ አንድ ወጣት ዞር ብሎ እያያቸው አልፏቸው ወረደ። የሺሃረግ ከሠላሳ ዓመት ትምህርቷ ሁሉ ያልነበረውን አንድ ነገር እግሯ ሥር አገኘችው፤ ያ ሁሉ የመኪና ክብደት፣ ቁልቁለት ላይ፣ በእሷ ፈቃድ ሲቆም። መንቀጥቀጡ መቼ እንደተዋት አላወቀችም። አራተኛው ኩርባ ላይ ሳይነገራት ረገጠች፣ ሳይነገራት ለቀቀች።

ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ላይ ስትደርስ ዳር ያዘችና አቆመች። ከጎማዎቹ የሞቀ ፍሬን ሽታ መጣ። ሁለት እጇን መሪው ላይ አስደግፋ «ቅዱስዬ፣ አወረድኩልህ» አለች፣ በዱሬሳ መኖር ሳታፍር። አለቀሰችም፣ ሳቀችም። ቀና ስትል ዱሬሳ ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ፔዳል እንዳለ አድርጎ ሙሉ ኃይሉን ጥሎበት አየች።

«በቃ ልቀቅ» አለችው። «ቆመናል።»

ዱሬሳ እግሩን አነሣ። ከኪሱ ዘይት የነካውን ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ጀርባው ላይ «ተሽከርካሪዋ ትንቀሳቀሳለች፣ ትቆማለችም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። የሺሃረግ አነበበችው። መልሳ ሰጠችው።

«ሰኞ ከሥራ ስትወጣ እዚያው ያስተማርኩህ ማሰልጠኛ በር ላይ እጠብቅሃለሁ። ፎርም ትሞላለህ።»

«በአርባ አምስት ዓመቴ?»

«እኔ በስድሳ አንድ ነው የነዳሁት።»

ዱሬሳ ሰዓቱን አየ፤ ልማድ ሆኖበት እንጂ ሰዓቱን አላነበበውም። «ቲዎሪውን እንደ አዲስ ልፈተን ማለት ነው?»

«ሁሉንም ትፈተናለህ» አለች የሺሃረግ፣ ማርሽ እያስገባች። «አሥራ ሰባተኛውን ብቻ ተወው። እሱን አልፈሃል።»